ሦስት ሰው ያለበት ጠርሙስ

ጡሩምባው የሚነፋው ጥላችን እግራችን ሥር ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ ደጅ የሚታይ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ጋሽ ሙሜ። ሌላው ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጨምቅና ይከናነባል፣ ጡሩምባው ተመልሶ እስኪነፋም ይተኛል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ጎህ ሳይቀድ ነው። ቀብር የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ስለሆነ አይገርመኝም። እናቴ ግን ድሮ ሰው እኩለ ቀን ላይ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አይስክሬም ይልስ ነበር ትላለች። ዛፉን አውቀዋለሁ። አይስክሬሙንም አውቀዋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ግን አልችልም።

እናቴ ሳምራዊት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበረች። የሰው ቤት ስታቀዘቅዝ ኖራ አምና ሰኔ መሰላል ላይ እንዳለች ሙቀቱ ጣላት። ተነስታ ሥራዋን ጨረሰች፣ በሳምንቱ ደግሞ መንገድ ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። ልቧ አንድ ሰኔ ይችል ይሆናል፣ ሁለት አይችልም አለ። ወይ ደጋ ትውጣ ወይ ክድን ትግባ። ደጋው ሰው መቀበል ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የቀረን ክድን ነበር።

ክድን የምንለው ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተከደነውን የድሮውን ከዚራ ነው። አንድ ጊዜ ለጉብኝት ገብቼበታለሁ። ቀዝቃዛ ነው። የሰው ትንፋሽ ሌሊት ጣራው ላይ ጤዛ ሆኖ ያድርና ጠዋት በስሱ ይዘንባል። ሰዎቹ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ በሮቻቸው ሁሉ ዝግ ናቸው። እንግዳ በልክ ነው፤ ከውጭ አንድ ሰው እንዲገባ ከውስጥ አንድ ሰው መውጣት አለበት፣ የሚወጣ ደግሞ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። እርስ በርሳቸው «እርስዎ» ይባባላሉ። እኛ ድሬዎች ለሽማግሌም ለሹምም «አንተ» ነው የምንለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያወሩት ከኋላዬ ካለ ሰው ጋር መስሎኝ ዞሬ ነበር። ቦታውን ወደድኩት። ማንም ሳያንኳኳ ገብቶ ድስት ከፍቶ አያይም። ማንም «ለምን ከሳሽ?» አይልም። እናቴ ግን ከጉብኝት ስመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እዚያ ሰው ሲታመም ማን ይገባል አለች። አላውቅም አልኳት።

ክድን ለመግባት ገንዘብ አይጠየቅም፣ ዘመድም አይረዳም። የሚጠየቀው ጠርሙስ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ያዘጋጃል፦ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አፈር፣ አፈሩ ላይ ሕይወት ያለው ነገር። በየካቲት በሰም ይታሸጋል፣ የሐምሌ ደመና እስኪመጣ አይከፈትም። ውሃ አይጨመርበትም፣ አየር አይገባበትም። ያኔ አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ቤተሰቡ ይገባል። ለምን ጠርሙስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዝግ ነገር ውስጥ እጁን ሳይከት መክረም የቻለ ሰው ዝግ ቤት ውስጥ መኖር ይችላል ነው ነገሩ።

ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ስለተማርኩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጠርሙሱን ያገኘሁት ከጋሽ ሙሜ ሱቅ ነው። ጋሽ ሙሜ ፊት ለፊታችን ያለች ሱቅ አለችው፣ የሚያድረውም እዚያው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን ነው። አፈ ሰፊ የከረሜላ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ነበረው። ከረሜላውን ጋዜጣ ላይ ገለበጠና ጠርሙሱን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ።

«አቦ፣ ሰው ራሱን ጠርሙስ ውስጥ ለመክተት ጠርሙስ ይለምናል?»

አንተም ብታመለክት ይሻልህ ነበር አልኩት። እኔን የሚከድነኝ አፈር ብቻ ነው አለና ከረሜላ አጎረሰኝ።

ጠጠሩን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ ቀቀልኩ። በላዩ ላይ እንዳይሸት የተፈጨ ከሰል አደረግሁ። አፈሩ ወርዶ ከጠጠሩ ጋር እንዳይቀላቀል የአጎበር ቁራጭ አነጠፍኩ። አፈሩን ደግሞ በወንፊት ነፋሁት፣ ስጨብጠው እስኪያያዝ ግን ውሃ እስከማያንጠባጥብ ድረስ አራስኩት። የጎደለው አረንጓዴው ነበር። እዚህ ላይ እናቴ ጠቀመች። እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ከፋይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ድሬ ውስጥ የሚገኘው ማቀዝቀዣ በሚያንጠባጥብበት ግድግዳ ሥር ብቻ ነው፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚያንጠባጥብ ደግሞ እሷ ታውቃለች። ጎህ ሲቀድ ወጣን። እሷ በዱላ ትጠቁማለች፣ እኔ በማንኪያ እልጣለሁ። የአንዱ ሆቴል ጓሮ ውስጥ ቅጠሏ ላባ የመሰለች ትንሽ ተክልም አገኘን። እናቴ እየሳቀች ይኼን ማቀዝቀዣ እኔ ነበርኩ የጠገንኩት፣ እንዲህ የሚያፈስ ከሆነ ገንዘባቸውን መመለስ ነበረብኝ አለች።

በማሸጊያው ቀን ከክድን አንዲት ሠራተኛ መጣች። ሜላት ትባላለች። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም፣ ነጭ ጓንት አድርጋ ነበር። ሕጉን በአጭሩ ተናገረች፦ ጠርሙሱ ውስጥ ከቤተሰቡ እጅ ሌላ የማንም እጅ አይግባ። ስንት ናችሁ ስትል ሁለት አልናት። ሲታሸግ የሚያይ የውጭ ምስክር ያስፈልግ ነበርና ጋሽ ሙሜን ጠራነው። ዘይቱን የምንለውን ጓቫ እየገመጠ መጣ። እናቴ ክዳኑን በእጇ ያዘችና እንዲሁ ዝም ተብሎ አይዘጋም፣ መርቅልን አለችው።

ጋሽ ሙሜ የተረፈውን ዘይቱን ጎረሰና መዳፎቹን ዘረጋ። አብራችሁ ግቡ፣ አብራችሁ ውጡ አለ። እርጥብ ሁኑ። ቤታችሁ ሰው አይጣ። እኔና እናቴ አሜን አልን። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ጎንበስ አለና እንትፍ እንትፍ አለበት።

ክንዱን ስይዘው ጊዜው አልፎ ነበር። «ጋሽ ሙሜ፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«ምራቄን ነው የጠላሽው ምርቃቴን?»

«ምራቅህን።»

«ያለ ምራቅ ምርቃት ያለ ሊጥ ሳምቡሳ ነው፣ አቦ።»

ሜላት ሰም ስታቀልጥ ነበርና ቀና አላለችም። ክዳኑን ገጠመች፣ ዙሪያውን ሰም አፈሰሰች፣ ማኅተም አሳረፈች። ከዚያ ጋሽ ሙሜን «እርስዎ እዚህ ይፈርሙ» ስትለው ማንን ነው ብሎ ወደ በሩ ዞሮ አየ።

ሙቀቱ በመጋቢት ገባ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀኖች በደንብ አይለዩኝም፣ ሁሉም በአንድ እርጥብ አንሶላ ውስጥ ያለፉ ይመስለኛል። መስኮቱን በካርቶን ሸፍነን ለጠርሙሱ ብቻ ስንጥቅ ተውን። በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ጠርሙሱን አልፎ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጥላ ይጥላል፣ ጥላው ቀኑን ሙሉ ከጥግ እስከ ጥግ ይዋኛል። እናቴ አልጋዋን ወደ ጠርሙሱ አስጠጋች። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ይጨፍናል፣ ከዚያ ጠብታዎቹ ይከብዱና እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ያኔ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ድምፁን የሰማች ይመስል፣ ዘነበ ትላለች።

ቀስ በቀስ የጠርሙሱን አገር ወሬ ትነግረኝ ጀመር። ዛሬ እዚያ ጉም ነው። በስተግራ ያለው ኮረብታ አብቧል። ከሽበቱ ውስጥ ራሷን የምታወጣ አንዲት ነጭ ትል አለች፣ ስም አወጣችላት፣ ስትጠፋ ታፈላልጋታለች። እኔ ጠርሙሱን የማየው እንደ ሙያዬ ነበር፤ ሽበቱ ጠርዙ ላይ ቡኒ ሆኗል ወይ፣ ውሃው በዝቷል ወይ እያልኩ። አንዳንድ ቀን ግን በሙቀቱና በእንቅልፉ መካከል ጉልበቴ ድረስ በቀዝቃዛ ከፋይ ውስጥ ስሄድ፣ ከላይ ትልልቅ ጠብታዎች ተንጠልጥለው ሲጠብቁኝ እነቃለሁ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ጋሽ ሙሜ በየቀኑ ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ መንገዱን ያቋርጥና ሳያንኳኳ ይገባል። ሦስቱም አንድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ይመስሉ ነበር፦ እሱ፣ እሷና ጠርሙሱ።

በሚያዝያ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ቅጠል ብቅ አለ።

እኔ ያልተከልኩት ነገር ነበር። ከሽበቱ መሀል ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ቅጠል ጨመረ። ምን እንደሆነ ለማወቅ መጻሕፍቴን አገላበጥኩ። እናቴ መጽሐፍ አላስፈለጋትም፤ የቅጠሉን ደም ሥር በስንጥቁ ብርሃን አየችና እስክታስል ድረስ ሳቀች። የሙሜ ዘይቱን ነው አለች። የዘይቱን ዘር ጥርስ ውስጥ እንደሚቀረቀር የማያውቅ የለም። ጋሽ ሙሜ ሲሰማ የቀረውን ጥርሱን በምላሱ ዳበሰና እኔኮ ጠፍቶብኝ ነበር አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ከቤተሰቡ እጅ ሌላ የማንም እጅ አይግባ። ባለፈው ዓመት የገንደ ቆሬ ሰፈሮቹን እነ ዘይነብን ከክድን በር የመለሷቸው አያታቸው በስውር ጠርሙሱ ውስጥ በጣለችው ክታብ ላይ የጻፊው እጅ ስለተገኘ ነው። ሰሙን በጋለ ቢላ ከፍቼ ቡቃያውን ነቅዬ መልሼ ልዝጋው ብዬ ተዘጋጀሁ። ቢላውን እሳት ላይ አድርጌ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ያን ሰሞን ከአልጋ መነሳት ትልቅ ነገር ነበር፣ ምድጃውን አጠፋችው። ምርቃት አይነቀልም አለችኝ።

ስለዚህ ጠርሙሱን አዞርኩት፣ ቡቃያው ከሽበቱ ጀርባ በግድግዳው በኩል እንዲደበቅ። በሳምንቱ አንገቱን አዙሮ ወደ ስንጥቁ ወጣ። እንደገና አዞርኩት። እንደገና ዞረ። እንዲህ ስንተዛዘብ ከረምን። በመጨረሻ ግንዱ በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠምዞ፣ ራሱን ግን ሁልጊዜ ወደ ብርሃኑ አድርጎ ተገኘ። የመቸኮሌን ቅርፅ ይዞ አደገ ማለት ነው።

ሰኔ ክፉ ነበር። እናቴ መብላት አቆመች። አንድ ቀን እጄን ይዛ በሩን ዝጊው፣ ዝናቡ ምንጣፉን አበሰበሰው አለችኝ። በሩ ዝግ ነበር። ከውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ ይሸታል። ጋሽ ሙሜ ፎጣውን ከራሱ ላይ አውርዶ ግንባሯ ላይ አደረገ፣ እኔም እስኪመሽ ድረስ ትንፋሿን ሳዳምጥ ዋልኩ። ልቧ አንድ ሰኔ ቻለ። ሁለተኛውን ማሰብ አልፈለግሁም።

የሐምሌ ደመና እንደታየ ሜላት መጣች። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ውስጡ የስንት ሰው እጅ እንዳለ የሚቆጥር ክብ መስታወት አውጥታ ጎኑ ላይ ለጠፈች። እኔ ዘይቱኑን የማታይ ይመስል በሰውነቴ ልጋርደው ሞከርኩ። መስታወቱ ትንሽ ሰማያዊ ሆነ።

«ሦስት» አለች።

ሁለት ነው ያስመዘገብነው አልኳት። እሷም የተመዘገበው ሁለት እንደሆነ ታውቃለች። ጠርሙሱ ለምቷል አለች፣ በጣም ለምቷል፣ እንዲህ የለማ ጠርሙስ ካየች ቆይታለች። ግን የለማው የሦስት ሰው ሆኖ ነው። ሦስተኛው ማነው?

እናቴ ከትራሷ ላይ ቀና አለች። «ጎረቤታችን ነው። መርቆን ነው።»

ሜላት ጓንቷን አወለቀች። ስትናገር እንደተቆጣችም እንዳዘነችም አይታወቅም ነበር። በክድን ሕግ ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘ ሰው የቤት ሰው ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሦስታችሁም ትገባላችሁ፣ አለበለዚያ ጠርሙሱ ይሰበራል። ለከርሞ እንደገና ማመልከት ይቻላል አለች። ለከርሞ የሚለውን ቃል ስትናገር እናቴን አላየቻትም።

ከወጣች በኋላ እናቴ ጋሽ ሙሜ ጋ እንዳልሄድ ከለከለችኝ። ሰው በምርቃቱ አይያዝም አለች። ስትተኛ ሄድኩ።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ዘይቱን በቢላ እየቆረጠ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነገርኩት። ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ስንት ሰው አለ አለች?»

«ሦስት።»

«ሳላውቀው ገብቼ ኖሯላ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተወው። «እዚያ ማን ይመጣብኛል?»

«ማንም።»

«እኔስ ማን ጋ እሄዳለሁ?»

«እኛ ጋ።»

«አንኳኩቼ?»

«አንኳኩተህ።»

የበሽታ ስም የነገርኩት ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ማግባባት አልችልበትም፣ ተምሬውም አላውቅም። «ጋሽ ሙሜ፣ ካልገባህ እማዬ የሚመጣውን ሰኔ አታልፍም። ልለምንህ አይደለም የመጣሁት። እንድታውቀው ነው።»

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«እሷማ ከልክላኛለች።»

ወደ መንገዱ ዞረ። መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሙቀቱ ብቻ ይርገበገባል። ጡሩምባው ተነፋ፣ እሱ እንደወትሮው ወደ ቤታችን ለመሻገር አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም።

«አብራችሁ ግቡ ብሏል አፌ» አለ በመጨረሻ። «አሁን አፌን ውሸታም ላድርገው?»

ተነሳና የሱቁን በር ሊዘጋ ሳበው። አልተንቀሳቀሰም። ተጋግዘን ሳብነው። ማጠፊያው ቀለምና ዝገት ጠጥቶ ደንጊያ ሆኗል፤ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። በትከሻዬ ገፋሁት፣ በእግሬ መታሁት። ጋሽ ሙሜ ትንሽ አየኝና «ተይው አቦ» አለ። «የሚመጣ ሰው ከረሜላ ይብላ።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴን በወንበር ተሸክመው የሰፈሩ ጎረምሶች እስከ ክድን በር አደረሱን። ጠርሙሱ ጭኗ ላይ ነበር። ጋሽ ሙሜ አንድ ፌስታል ዘይቱን ይዟል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ከውጭ ምግብ አይገባም አለው፣ እሱም ችግር የለም ብሎ ሰልፉ ላይ ላሉት ሁሉ አደለ፤ ጠባቂውን ጨምሮ። ጠባቂው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ በላ። የመጨረሻዋን ጋሽ ሙሜ ራሱ እየገመጠ ገባ።

በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ድሬዳዋ ከነድምፁ ጠፋ። ቅዝቃዜው መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ አንገቴን ያዘኝ። ጣራው ላይ ያደረው ጤዛ መውረድ ጀምሯል፣ እንደ ዝናብ አይቸኩልም፤ አንዱ ጠብታ ከወደቀ በኋላ ሌላው እስኪወድቅ ይታሰብበታል። እናቴ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከሰኔ ወዲህ ደረቷ ሳይንቀጠቀጥ ሲተነፍስ ያየሁት ያኔ ነው።

«ዘነበ» አለች።

በግራና በቀኝ ዝግ በሮች ናቸው። አንዳንድ ሰዎች ቆመው ያዩናል፣ ቅርብ ግን አይመጡም። ሜላት ጠርሙሱን ከእናቴ ጭን ተቀበለችና ግድግዳው ላይ ካሉት ጠርሙሶች ጋር ደረደረችው። የኛ ብቻ ነው ወደ መስታወቱ ራሱን ያስጠጋ ነገር ያለበት። ጊዜ ሲሄድ ክዳኑ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የሚያድግ ግንድ ዝግ ነገር ላይ የሚያደርገውን ተምሬዋለሁ። እንኳን ደህና መጡ አለች ሜላት። ከአሁን በኋላ ቤታችሁ ነው።

ቤታችሁ ነው መባል ለጋሽ ሙሜ በቂ ነበር። መዳፎቹን ዘረጋ። ክድን ውስጥ እንዲያ ያለ ድምፅ ከተሰማ ስንት ጊዜው እንደሆነ አላውቅም፣ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ደነገጡ። እርጥብ ሁኑ አለ። ሰው አይታጣባችሁ። እኔና እናቴ አሜን አልን። ከዝግ በሮቹ ጀርባ፣ ከየትኛው እንደሆነ አይለይም፣ ሌላ ሰው በቀስታ አሜን አለ።

ከዚያ ጋሽ ሙሜ ጎንበስ ብሎ እንትፍ እንትፍ አለ።

አየኋት። ጠጣር፣ ብጫ፣ ከሩዝ ታንሳለች። የድንጋይ ንጣፉ ላይ ነጥራ አፈሩ በሚታይበት ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ቆመች። ሜላት ክብ መስታወቷን ከኪሷ አወጣች።

«የወደቀ ነገር አለ?» አለችኝ።

እግሬን አንስቼ ስንጥቁ ላይ አሳረፍኩ።

«የለም» አልኳት።

ጫማዬ ሥር መሬቱ እርጥብ ነበር።